የሻይ ዕረፍቱ ሳያበቃ የምትላክ አንዲት ቃል

ነይ እህቴ፣ እዚህ መስኮቱ ጋ ተቀመጪ። መንገዱ እንዴት ነበር? ልጆቹስ ደኅና ናቸው? ተመስገን። ሻይሽ ቀዝቅዟል አይደል? የስብሰባ ሻይ ዕጣው ነው፤ ብስኩቱን ነክረሽ ብዪው። ከኋላችን ሰው ተቀምጧል ብለሽ አትሳቀቂ፤ እኛ እንደሆን ክፉ ነገር አናወራ... ጥሩ ጥሩውን ነው።

ጠቅላላ ጉባኤ ስትመጪ የመጀመሪያሽ ነው አይደል? ታድለሽ! እኔ አሥራ አንደኛዬ ነው። የእኛ ማኅበር እኮ ጉድ ነው። ክሊኒኮች የትኛው መድኃኒት እንዳለቀባቸው የሚያውቁበት ፕሮግራም እንሠራለን፤ ኮዱ ለሁሉም ክፍት፣ የፈለገ ያየዋል፣ የፈለገ ያርመዋል። ደመወዝ የለ፣ አለቃ የለ... የለም ነው የሚባለው። ያለን የቦርድ ሰብሳቢ ብቻ ነው። ስም መጥራት ደግሞ አልወድም።

ብቻ አንዳንድ ሰው ሲፈጥረው ለወንበር ነው። ዘጠኝ ዓመት ንቅንቅ የለም! ደንባችን ከስድስት ዓመት በላይ ሰብሳቢ መሆን አይቻልም ይላል፤ ታዲያ ለደንብ ብለው እኛን ሜዳ ላይ ይጣሉን? አንጀታቸው እንዴት ይችላል? አምና እዚሁ አዳራሽ «ልልቀቅ ብል ማን ይተካኛል» አሉን። እውነታቸውን እኮ ነው፤ የሚተካ ሰው ብቅ ባለ ቁጥር አንድ ነገር ያጋጥመዋል።

ደንብ ካነሳን አይቀር ሌላም አለን። ስድስት ወር ሙሉ ኮዱን ያልነካ አባል ከመዝገብ ይወጣል፤ መምረጥ የለ፣ መመረጥ የለ። እኚህ ሰው ታዲያ በየወሩ መባቻ ሳያጓድሉ ይነካሉ። ምን ይነካሉ አትዪም? አንድ ባዶ መስመር ይጨምራሉ። በሚቀጥለው ወር ያጠፏታል። ደግሞ ይጨምሯታል። ጥንቃቄያቸውን አየሽልኝ? ሌላው ኮድ እጽፋለሁ ብሎ ሲሳሳት ይውላል፤ በባዶ መስመር ማን ተሳስቶ ያውቃል? አራት ዓመት ሙሉ አንድ እንከን አልተገኘባቸውም! ... ማነው የሳለው? ብስኩቱ ይሆናል፣ ደረቅ ነው።

ይሄን ፕሮግራም የጀመረችውን ፋርማሲስት ታውቂያት የለ? ሰው መድኃኒት አጥቶ ሲመለስ አላስችል ብሏት፣ እዚያው መደርደሪያዋ ሥር ቆማ የጻፈችው ነው። ዛሬ ከሰዓት ለሰብሳቢነት ልትወዳደር ነበር። ምን ያደርጋል፣ ወገቧን ቀዶ ጥገና ተደርጎላት በጀርባዋ ተኛች። ስድስት ወር በሞላት በአራተኛው ቀን ደብዳቤ ደረሳት፤ የምስጋና! ከመዝገብ መውጣቷን የሚገልጸው ታች ላይ በደቃቅ ፊደል ነበር፤ ሕመምተኛ እንዳይደነግጥ መሰለኝ። ሐኪሟ እንኳ ቀኗን እንደዚያ አልቆጠረላትም። ደውላልኝ አለቀሰች።

ሥራ ፈትታ ተኝታ ቢሆን ደግ። በመሐል ፕሮግራሙ ተበላሽቶ፣ ያለቀውን መድኃኒት «አለ» እያለ ክሊኒኩን ሁሉ ሲያሳስት ማን አቃናው? እሷ ናት! ጣራ ጣራውን እያየች በስልክ ትነግረኛለች፣ እኔ እጽፋለሁ። እኔ፣ ጡረታ የወጣሁ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ! «ቅንፍ ክፈቺ» ስትለኝ እከፍታለሁ፣ «ዝጊ» ስትለኝ እዘጋለሁ። ታዲያ ሥራው በማን ስም ተመዘገበ? በእኔ። ኮምፒውተር የሚቆጥረው ጣት ነው፣ ራስ አይቆጥርም። ይኸውልሽ፣ የዓመቱ ትጉህ አባል ተብዬ ተጨበጨበልኝ። አፈርኩ፣ እህቴ፤ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ሄጄ ለሰውየው እውነቱን ብነግራቸው ምን አሉኝ? «ደንብ ደንብ ነው።» ልክ ናቸው! ስድስት ወር ደንብ ነው። ስድስት ዓመት ግን ምክር ነው፤ ሰው ምክር ባይሰማ ይፈረድበታል እንዴ?

እና አንድ ልማድ ልንገርሽ፣ አዲስ ስለሆንሽ። እኛ ዘንድ ሐሳብ ያለው በኢሜይል ይልካል። በሦስት ቀን ውስጥ «አልስማማም» ያለ ከሌለ ሁላችንም እንደተስማማን ይቆጠራል። አንድ ሰው እንኳ ካለ ግን ጉዳዩ እዚህ አዳራሽ ቀርቦ በድምፅ ይወሰናል። በዝግ አፍ ዝንብ አይገባም ይባል የለ? ዝንቡስ አይገባም... ደንቡ ነው ሰተት የሚለው።

ረቡዕ ዕለት ስለ መኪና ማቆሚያ የተላከውን ኢሜይል አየሽው? አላየሽውም፤ መኪና የለሽ ምን ያደርግልሻል! እኔ ግን የማንበብ አመል አለብኝ። «መግቢያው በስተግራ ነው» ከሚለው ዝቅ ስል፣ «የስድስት ዓመቱ ገደብ ይነሳል፤ ከመዝገብ የወጡ አባላት ጉዳይም እንደተዘጋ ይቆጠራል» ይላል። አሳቢነት ማለት ይሄ ነው፤ የእኛን መኪና ሲያስቡ የራሳቸውንም ማቆሚያ አልረሱ። ሦስቱ ቀን ታዲያ መቼ ያልቃል መሰለሽ? አሁን፣ ይሄ የሻይ ዕረፍት ሲያበቃ። ብስኩቱስ ዛሬ በከንቱ የበዛ መሰለሽ? አፋችን ሥራ እንዳይፈታ ነዋ!

ስልኬን ነው የምታዪው? ምንም አይደለም፣ ፊደሉ አንሶብኝ ነው... አንዲት ቃል ናት... «አልስማማም»። ይኸው፣ ሄደች። ስድስት ደቂቃ ነበር የቀረን፣ እግዜር ይይላቸው ያቻኩሉኛል! እንግዲህ ስንገባ የገደቡም የእሷም ነገር በግልጽ ይነሳል። እሷም ተኝታ በስልክ ትሰማናለች። አንቺም ድምፅ አለሽ፣ እህቴ፤ ስታወጪው ፍራት አይያዝሽ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ነው ነገሩ፤ ድሩ ካላበረ ግን አንበሳው የድሩ ሰብሳቢ ሆኖ ይቀራል።

ተነሺ በይ፣ እየጠሩን ነው። ቂም ይዘን አንግባ፤ ትልቅ ሰው ይመረቃል እንጂ አይረገምም። አሜን በዪ። የእሷ ዓይነት ሕመም በእሳቸው አይድረስ። እሷ ስትተኛ በየክሊኒኩ ሥራ ቆመ፣ ሰው ሁሉ «የት ሄደች?» አለ፤ ቢያንስ ታወቀላት። እሳቸው ግን... እንዲያው ፈጣሪ አንዲት ቀን እንኳ አልጋ ላይ ሳያውላቸው፣ መተኛታቸውን ልብ የሚል ሰው እስኪያገኙ ድረስ በጤና ቆመው ያኑራቸው።