መብራቱን የቀደመ ሰላምታ

ያችን የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ የሠራ እጁ ይባረክ! «ድምፅ ለይታ መብራት ታበራለች» ሲሉኝ ገዛኋት እንጂ፣ ከክብሪት ቀፎ ስላልበለጠችብኝ ንቄያት ነበር። ቡሬ ወስጄ ከአባቴ ቤት አምፖል ጋር አገናኘኋት። አባቴ እጆቻቸው አልታዘዝ ካሏቸው ወዲህ፣ ሰው ላለማስቸገር ብለው ሲመሽ ጨለማ ውስጥ ዝም ብለው ይቀመጣሉ።

«አባባ፣ ‹አብሪ› ይበሏትና ድምፅዎን ትልመደው» ብላቸው፣ «ደግሞ በስተርጅና ዕቃን እንደ ሰው ልዘዝ?» ብለው እምቢ አሉ።

«እንግዲያ ደስ ያለዎትን ይበሏት!» አልሁ ተናድጄ።

«እንደምን አመሻችሁ» አሏት። እኛ ቤት መብራት ሲበራ ሁልጊዜ የምንባባለው ነው። እሱኑ አስለመድኋት።

ሲመሽ አባቴ ሰላምታቸውን ሰጡ፤ አምፖሉ ቦግ አለ።

«እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ እናቴ ከጓዳ፤ «ማነው ያበራው?»

«እኔ ነኝ» አሉ አባቴ።