ለሁለት ቤት አንድ አምፖል

ዓባ ሻውል ሰፈር ስንኖር የእኛንና የጎረቤታችንን የአደይ ዝማምን ክፍል የሚያበራው አንድ አምፖል ነበር። በጋራ ግድግዳችን ላይ፣ ከጣሪያው ሥር በተከፈተ ቀዳዳ ውስጥ ይንጠለጠላል፤ ማጥፊያው በእሳቸው በኩል ነው። ማታ ሳነብ ገጹን ሳልጨርስ ያጠፉብኛል ብዬ ሁልጊዜ እሰጋ ነበር፤ አጥፍተውብኝ ግን አያውቁም። ከነጻነት በኋላ አባቴ ቤቱን ሲያሳድስ ኤሌክትሪክ የሚቆጥብ ረጅም ኒዮን ገዛልኝና ቀዳዳውን የሚደፍን ግንበኛ ጠራ። ደስታዬ ልክ አልነበረውም።

ግንበኛው ሲሚንቶውን እያቦካ ሳለ አደይ ዝማም መጥተው ወደ ቀዳዳው አንጋጠጡ። «እንግዲህ መተኛትሽን በምን ላውቅ ነው፣ ጓለይ፣ ልጄ?» አሉኝ።

«ድሮስ በምን ያውቁ ነበር?»

«ወረቀት ስትገልጪ እሰማለኋ። ድምፁ ሲጠፋ አጠፋለሁ።»

እኔ ልብስ እየሰፉ የሚያመሹ ይመስለኝ እንደነበር ነገርኳቸው። «በየትኛው ዓይኔ?» ብለው ሳቁ።

ሰው ፊት ቃል የማይወጣኝ ልጅ፣ ለግንበኛው «የአንድ ጡብ ቦታ ይተዉልኝ» አልኩ። አባቴ መሰላሉን እንደያዘ ዞሮ አየኝ።

«ብርዱስ?»

«ጨርቅ እወትፍበታለሁ» አልኩት።

ያንን ቤት እስከለቀቅንበት ቀን ድረስ ምንም አልወተፍኩበትም።