ሲቆና መቋሚያ

እኔ ከእናቴ የሚበልጡ ሴትዮ ክርስትና ያነሳሁ ሰው ነኝ! በደርግ ጊዜ ነው፣ እዚሁ ሀዋሳ። ጎረቤታችን እትዬ ዳንጊሴ ሊጠመቁ ሲሉ፣ ንስሐ አባቴ ከበራቸው ኋላ የቆመውን ሲቆ አዩና «ይህን ካልጣልሽ አላጠምቅሽም» አሏቸው። ሲቆ ያገባች የሲዳማ ሴት የምትይዘው ቀጭን በትር ነው። ባል እጁን ካነሳ የሰፈሩ ሴቶች ሲቆአቸውን ይዘው ይወጡበታል፤ ይቅርታ ሳይጠይቅ አይመለሱም።

«የዚያች ወንድ ስታሰቃይ የኖረች የጥንት ንግሥታችሁ ቅሪት ነው» አሉ አባ። «ክፉ ነበረች አሉ።»

«እንዲያ የሚሉት የገደሏት ወንዶች ናቸው፣ አባ» አሉ እትዬ ዳንጊሴ። ከዚያ አባ የተደገፉትን መቋሚያ አዩና፣ «ይሄስ ለምንድን ነው?» አሏቸው።

«ቅዳሴ ላይ ቆሜ እንዳልወድቅ።»

«የኔም ሰው እንዳይጥለኝ ነው።»

አባ ሳቃቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑት። የጥምቀቱ ዕለት ሲቆው ከመቋሚያው ጎን ግድግዳ ተደግፎ ነበር። እኔ፣ በሰማንያ ቀኔ ሳላውቅ የተጠመቅኩት፣ ቀናሁ። «እኔ እኮ ባሌ ሲነሳብኝ የምይዘው የለኝም» አልኳቸው፣ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ።

«ልጅሽ አይደለሁ እንዴ?» አሉኝ። «ጥሪኝ፣ ይዤ እመጣለሁ።»