የተገፋ ይደግሳል

ዘመኑ ሁለት ሺህ አሥራ ሰባት፣ ዕድሜዬ ሰባ አራት ነበር። ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር በሚወጣ ሚኒባስ ውስጥ፣ ከፊቴ አንዲት ከዓረብ አገር የተመለሰች ልጅ ከማታውቀው ጎልማሳ ጎን ተቀምጣለች። የሰውየውን ስልክ አየት አድርጋ ጠየቀችው።

«ጋሼ፣ ይሄ ሁሉ ቮልስ የማን ሠርግ ነው?»

«ሠርግ አይደለም እኅቴ፣ የአሮጌ መኪና ማኅበራችን ነው። እሑድ ጣራ ገዳም ተሳልመን ስንመለስ የተነሣነው ፎቶ ነው።»

«የአባቴም ቮልስ አለች። ወንድሜ ግን ነገ ለቁራሌ ልስጣት ይላል።»

«ምን ሆነች?»

«ካልገፏት አትነሣም።»

«የማንኛችን ትነሣለች? እኛም ቁልቁለት እየፈለግን ነው የምናቆም።»

«አባቴን ሰው ፊት መገፋት ያሳፍራቸዋል።»

«ምን ያሳፍራል! የእኛ ሕግ፣ የተገፋ የሚቀጥለውን ጽዋ ይደግሳል። እሑድ ሊቀ መንበራችን ተገፋ።»

«አላፈረም?»

«ኧረ ወዲያ! ጠላው ስለደረሰለት ነው ሆን ብሎ ሜዳ ላይ ያጠፋት እያልን እናማዋለን!»

ሚኒባሱ ሙሉ ሳቀ። ልጂቱ እየሳቀች ደወለች።

«አባባ፣ መኪናዋን ለማንም እንዳይሰጡ! ማኅበር ልንገባ ነው፤ ጌሾ ያስወቅጡ።»

«ምን አሉ?» አላት ጎልማሳው።

«ገፊ ይገኛል ወይ አሉ።»

«ደጋሽ ካለ ገፊ አይጠፋም በያቸው!»

እኔም በማግሥቱ ጠዋት ጓሮ ከቆመችው አሮጌ ላንድሮቨሬ ውስጥ ዶሮዎቹን አንድ በአንድ አስወጣሁ።