ጠጠር ለቀማ

ከአርባ ዓመት በኋላ ወረታ ተመልሼ፣ ሩዝ ለምትለቅመው ታላቅ እህቴ የወጣቶች ልቦለድ አነበብኩላት። በልቦለዱ ጎርፍ የከበባት ልጅ በጠባብ ታንኳ እናቷን ይዛ፣ ታናሿን ዛፍ ላይ ትታ ትሄዳለች። ይህ የእኛ የፎገራ ሜዳ በውሃ የተዋጠ ጊዜ በእኛም ደርሷል፤ የተተውኩት እኔ ነኝ። መጨረሻው ላይ ታናሺቱ ይቅር ስትል መጽሐፉን ከደንኩት።

«ውሸት ነው፣ እታለም። እንዲህ ያለ በደል አይረሳም» አልኳት።

ከሰፌዱ ቀና ሳትል፣ «እኔ የተውኩሽ እናታችንን አድርሼ እስክመለስ ነው። አንቺ አርባ ዓመት ተውሽኝ፤ ይኸው ይቅር ብዬሻለሁ» አለችኝ።

መጽሐፉን ወደ ጎን አደረግኩት። ሰፌዱን ጉልበቴ ላይ አኖረችና፣ «በይ ልቀሚ፤ ጠጠር ማግኘት እንደሁ ታውቂበታለሽ» አለች።