የተላጠው ስኳር ድንች

ሄሎ... አዎ፣ እኔው ነኝ። ቤት ነኝ፣ ሱቅ አልገባሁም። መስታወት ስቆርጥ ስልክ እንደማላነሳ ታውቂያለሽ። ምነው እህቴ፣ በደህና ነው?

— እናንተ ቤት? እኔ?

— ቆይ፣ ቆይ... ምክንያቱን እንድነግርሽ ነው የፈለግሽው? አራት ዓመት ከሁለት ወር ሆነው። ቅዳሜ ነበር፣ ከምሳ በኋላ፣ ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ትንሽ ሲቀረው። በገዛ እጄ ቆርጬ፣ በሲሊኮን ለጥፌ ያመጣሁላችሁን የዓሣ ሳጥን ታቅፌ ደጃፋችሁ ላይ ቆሜ፣ ባልሽ ርዕሰ መምህሩ ምን አለኝ? «ሰባተኛ ክፍልን ያልጨረሰ ሰው የለጠፈው መስታወት ውሃ ይይዛል ብዬ ምንጣፌን አላበላሽም።» ጎረቤታችሁ ነርሷ ሳቀች። ያሳላት አስመሰለች፤ እኔ ግን ሳልን ከሳቅ እለያለሁ። አንቺ ደግሞ ጠረጴዛ ትወለውዪ ነበር። የተወለወለ ጠረጴዛ።

— እሺ፣ ትቼዋለሁ። ትቼዋለሁ እኮ ነው የምልሽ፤ ሰዓቱን ነው የነገርኩሽ እንጂ ሌላ ምን አልኩ?

— ማናት የምታለቅሰው? ሚጢጢ ናት?... ምን ሆና?

(እስቲ ቴሌቪዥኑን ቀንሺው ሚስቴ፤ የእህቴ ልጅ እያለቀሰች ነው።)

— ሄሎ፣ ትሰሚኛለሽ?... ከሰባቱ ዓሣ ስድስቱ ሞቱ? ቀይዋስ? ሚጢጢ ከእኔ ቤት በላስቲክ ይዛት የሄደችው?... እሺ፣ ቀይዋ አለች። ግን ወደ ላይ እየመጣች አፏን ትከፍታለች። ደግ አይደለም።

— የገዛችሁት ሳጥን ውሃው ምን ይመስላል?... የሩዝ እጣቢ? አረንጓዴ ቢሆን ሌላ ነገር ነው፤ ነጭ ከሆነ ውስጡ የሚበሰብስ ነገር አለ። ምን ከተታችሁበት?

— ስኳር ድንች?

— ኧረ ለባልሽ ማን ነግሮት?... ሚጢጢ። እሁድ እሁድ እዚህ ስትመጣ አይታ። አዎን፣ የእኔው ድንችማ ሐረጉ ከሳጥኑ ወጥቶ፣ የመጋረጃውን ብረት ጨርሶ፣ አሁን ወደ መኝታ ቤት እየገባ ነው፤ ሚስቴ ኪራይ ይክፈል እያለች ነው። ዓሣዎቹ ያቆሸሹትን ሥሩ ይጠጣዋል፣ ውሃው ይጠራል፣ ቅጠሉ ይወፍራል። ከመጽሐፍ አላገኘሁትም። አንዱ ድንች ኩሽና ውስጥ አቆጥቁጦ፣ ለመጣል ስሳሳ ሞክሬው ነው።

— እና ባልሽ እንዴት አደረገው?... ልጦ?

— መስመሩ መሰለኝ። ልጦ ነው ያልሽኝ?

— ልጦ፣ አጥቦ፣ አራት ቦታ ቆርጦ። እታች ከጠጠሩ ጋር... አይ፣ አልሳቅሁም። አሳለኝ።

(ርዕሰ መምህሩ ስኳር ድንቹን ልጦ ነው ለዓሣዎቹ ያቀረበላቸው። አንቺ ሳቂ፣ ለአንቺ ይፈቀዳል።)

— ታዲያ እኔን ቢጠይቀኝ ምን ነበረበት?... መደወል አፈረ። ስድስት ዓሣ እስኪያልቅ አፈረ።

— በይ ስሚኝ። ቁርጥራጩን አሁኑኑ አውጪ። አንቺው አውጪ፣ እሱ እንዳይነካው። ግማሹን ውሃ ቅጂና ድፊ። የቧንቧ ውሃ በቀጥታ እንዳትገለብጪባት ደግሞ፤ በባልዲ ያደረ ውሃ አለሽ?... እሱን ጨምሪ። ድንቹ ከነልጣጩ፣ ሙሉውን ነው፤ ውሃ የሚነካው ጫፉ ብቻ ነው፣ ገላው ከላይ ደረቅ ላይ ይቀመጣል። ሥሩ ወደ ታች፣ ቅጠሉ ወደ ላይ። ትምህርቱ ይኸው ነው፣ ሰርተፊኬት የለውም።

— ሥር እስኪያወጣ? ሁለት ሳምንት... አይ። ቀይዋ ሁለት ሳምንት አትቆይልሽም።

— ሥር ያለው አለኝ እንጂ፤ ግን እዚያ ደጃፍ ላይ ዳግመኛ አልቆምም ብያለሁ። ብያለሁ እህቴ፣ አታድክሚኝ። ሚጢጢን... እሷን ስልኩ ላይ አታቅርቢብኝ። ለቅሶዋን እዚህ ድረስ እሰማዋለሁ።

— ማን?... እሺ፣ ስጪው።

— ጤና ይስጥልኝ ርዕሰ መምህር። እግዜር ይመስገን፣ እርስዎስ?... አንቱ ማለቴ? እንዲያው ልማድ ሆኖብኝ ነው፣ ከአራት ዓመት ወዲህ።

— አዎ፣ ነግራኛለች... ግድ የለም፣ ሰው ይሳሳታል። ደግሞም ጥሩ አድርገው ነው የላጡት አሉ።

— የእኔ ሳጥን? ያኔ ይዤው የተመለስኩት? ኧረ አንድ ጠብታ አፍስሶ አያውቅም። ምንጣፍ አለኝ፣ ደረቅ ነው... ለምን ጠየቁኝ?

— እ?

— «ያኔ የሆነ ነገር ተናግሬህ ነበር እንዴ?»... እንደዚያ ነው ያሉኝ?

...

(ሚስቴ፣ ክዳን ያለውን ባልዲ አቀብይኝ። ከሳጥኑ ውሃ ግማሽ ድረስ ቅጂበት። ያንን ሐረግ ደግሞ፣ አይ ትንሹን አይደለም፣ ሥሩ የበዛውን፤ ቀስ ብለሽ ፍቺው፣ መጋረጃው አብሮ እንዳይመጣ... ጫማዬ የት ገባ?... ስልኩን? ጠረጴዛው ላይ ተዪው። ሲጠራኝ አልሰማሁም አይደለም፣ ሰምቻለሁ። አልመልስለትም፣ ይጠብቅ... ሄጃለሁ። ለእህቴ ብቻ ንገሪልኝ፦ ደጃፉ ላይ ስለማልቆም ሚጢጢ በሩን ከፍታ ትጠብቀኝ። ሁለቱም እጄ ተይዟል።)