እማማ ሱንዶክ የደበቁት ቦርሳ

በጄጁ ደሴት፣ ከሆስፒታሉ ፊት ለፊት ባለው የአውቶቡስ ፌርማታ፣ እማማ ሱንዶክ ዘንቢላቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠው ነበር። በዘንቢሉ ውስጥ በጥቁር መሐረብ የተጠቀለለች ትንሽ ቦርሳ አለች፤ በላይዋ እርጥብ የባሕር ቅጠል ተነስንሶባታል። እማማ ሱንዶክ ዕድሜያቸውን ሙሉ ባሕር እየጠለቁ ቀንድ አውጣ በመልቀም ልጆች ያሳደጉ፣ የመንደሩ ጠላቂ ሴቶች አለቃ፣ የሚፈሩ ሴት ናቸው። በዚያን ቀን ግን ፈሪዋ ራሳቸው ነበሩ።

የፈሩትም አልቀረ፣ ሀዮንግ ከየት መጣች ሳይባል ብቅ አለች። ሀዮንግ ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ፣ የከተማ የቢሮ ሥራዋን ትታ፣ አምና ከጠላቂዎቹ ጋር የተቀላቀለች ወጣት ናት። እጅ ነስታ አጠገባቸው ተቀመጠችና ዘንቢሉን ሰረቅ አድርጋ አየችው።

«እማማ፣ ምን ይዘዋል?»

«የባሕር ቅጠል።»

«ሆስፒታል ድረስ ይዘውት መጡ? የታመመው ቅጠሉ ነው እንዴ?»

እማማ ሱንዶክ ሳይወዱ በግድ ሳቁ፤ ከሳቁም በኋላ መደበቁ አቃታቸው። የዘጠኝ ዓመት የልጅ ልጃቸው ዳንቢ በብርዱ ወራት ውሃ ውሃ ሲላት፣ ስትከሳ ከርማ፣ ስኳር አለባት ተባለ። ከዚያ ወዲህ ከየምግቡ በፊት ኢንሱሊን ትወጋለች፤ የምትወጋው ግን ዕቃ ቤት ገብታ በር ዘግታ ነው። ባለፈው ሳምንት ትምህርት ቤቱ በር ላይ ስኳሯ ወርዶ እየተንቀጠቀጠች ቁጭ አለች። ጓደኞቿ እንቅልፍ የመጣባት መስሏቸው ጥለዋት ሄዱ። አባቷ በዚያ ባያልፍ ኖሮ ምን ይውጣት እንደነበር እንጃ። ስለዚህ እማማ ሱንዶክ ቆርጠዋል፤ ዳንቢ ከመንደሩ ልጆች ጋር የጀመረችውን ዋና ትታ፣ ከትምህርት ቤት በቀር ከቤት ላትወጣ ነው።

«መንደሩ አያውቅም ማለት ነው?»

«ማንም አያውቅም። እናቷ ለአስተማሪዋ እንንገር ብላ ነበር፤ እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ። አንቺ የከተማ ልጅ ነሽ፣ የኛን ሰው አታውቂውም። እናቷ ጣፋጭ እያበላች አሳመመቻት ይላሉ። ነገ ለትዳር ስትደርስ ደግሞ በሽተኛ ተብላ ትቀራለች።»

ሀዮንግ በትሕትና አስረዳች። ይህ ዓይነቱ ስኳር ጣፋጭ በመብላት የመጣ አይደለም፤ የልጅቷ ቆሽት ኢንሱሊን መሥራቱን አቁሟል፣ ጥፋቱም የማንም አይደለም። መድኃኒቷን በሥርዓት ከወሰደች መማርም፣ መዋኘትም፣ ማግባትም ትችላለች።

«ሐኪሙም እንዲሁ ይላል» አሉ እማማ ሱንዶክ። «ሐኪሙ ግን እኛ መንደር አይኖርም።»

በእርግጥም የጎደላቸው እውቀት አልነበረም፤ የሰው ዓይን ነበር ያስፈራቸው። እንዲህ ያለው ፍርሃት ደግሞ በማስረጃ ብዛት አይለቅም። ሀዮንግም ይህ የገባት ይመስላል፤ ሌላ መንገድ ያዘች።

«አምና ጆሮዬን እያመመኝ ሳልናገር የጠለቅሁ ዕለት ያሉኝን ያስታውሳሉ?»

እንዴት ይረሱታል? ጠላቂዎቹ ባሕር ከመግባታቸው በፊት በድንጋይ በተከለለው ቦታ እሳት ዙሪያ ይቀመጡና እያንዳንዷ እንዴት እንዳደረች ትናገራለች። ራሷን ያመማትም፣ እንቅልፍ ያጣችም አትደብቅም። ሀዮንግ ግን ደካማ እንዳትባል ደብቃ ገባች፤ ውሃው ውስጥ ራሷን ስታ፣ ጎትተው ያወጧት እማማ ሱንዶክ ነበሩ።

«ሁሉም እየሰሙ ነው የተቆጡኝ» አለች ሀዮንግ። «‹አብራሽ የምትጠልቀው የማታውቀውን ሕመም እንዴት አድርጋ ትጠብቅልሽ?› ነበር ያሉኝ። ታዲያ ዳንቢን ማን ይጠብቃት?»

አውቶቡሱ መጣና ተሳፈሩ፤ እማማ ሱንዶክ መንገዱን ሁሉ በመስኮት ሲያዩ ቆዩ። መንደሩ ሲደርሱ ግን ቅጠሉን አራግፈው ጣሉና የዳንቢ ኢንሱሊን ያለባትን ቦርሳ ትከሻቸው ላይ አንጠልጥለው ወረዱ።

በማግሥቱ ዳንቢን ይዘው ወደ እሳቱ መጡ። «ዛሬ የምትናገረው እሷ ናት» አሉ።

ዳንቢ አያቷን ቀና ብላ አየች። «እዚህ? ሰው ሁሉ ፊት?»

«እዚሁ።»

ልጅቷ ጣቷን ወጋ አድርጋ ስኳሯን ለካችና መሣሪያውን ለሴቶቹ አሳየች። ቀስ ብላ ጀመረች፤ ድምጿ ግን እየጠነከረ ሄደ። «ስንቀጠቀጥ ወይም ስነጫነጭ ካያችሁኝ የመንደሪን ጭማቂ ስጡኝ። መዋጥ ካቃተኝ ግን ምንም አታጉርሱኝ፤ አምቡላንስ ጥሩ።»

ሁሉም ወደ ሌላዋ አንጋፋ ጠላቂ ወደ እማማ ማንሱን ዞሩ። እማማ ሱንዶክ ከሁሉ ይበልጥ የሚፈሩት የእሳቸውን ምላስ ነበር።

«ስትነጫነጭማ» አሉ እማማ ማንሱን፣ «የአያቷን ጠባይ የወረሰች ነበር የሚመስለኝ።» ሳቁ ጋብ ሲል ድምጻቸውን ዝቅ አደረጉ። «ሱንዶክ፣ እኔም ስኳር አለብኝ። ክኒኔን የሩዝ ዕቃው ውስጥ ነው የምደብቀው። አንቺን ፈርቼ።»

ሁለቱ አሮጊቶች ተያዩ። ከዚያ እማማ ሱንዶክ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ።

በበጋው መጨረሻ የልጆቹ የዋና ቀን ደረሰ። ወደ ዋናው የተመለሰችው ዳንቢ ተራዋን ስትጠብቅ እጇ መንቀጥቀጥ ጀመረ። በፊት ቢሆን ትደብቀው ነበር፤ አሁን ግን እጇን ከፍ አድርጋ «ስኳሬ ወርዷል» አለች። ከየሴቱ ኪስ የወጣው ጭማቂ ለትምህርት ቤቱ ሁሉ የሚተርፍ ነበር።

«ልጅቷን በየብስ ልታሰጥሟት ነው?» አሉ እማማ ማንሱን። «አንዱ ይበቃታል።»

ጠጣች፣ አረፈች፣ እንደገና ለካች። ስኳሯ መስተካከሉን አስተማሪዋ ጭምር ካየች በኋላ፣ ሀዮንግ ከጎኗ ሆና፣ ከመጨረሻዎቹ ልጆች ጋር ባሕር ገባች።

እናቷ ዳር ላይ ቆማ ያለ ሥጋት አየቻት፤ ምሥጢሩን ለብቻዋ የምትሸከምበት ቀን አልፏል። እማማ ማንሱንም ክኒናቸውን ከሰው ጋር በማዕድ ተቀምጠው መዋጥ ጀምረዋል። ዕቃ ቤቱም ወደ ዕቃ ቤትነቱ ተመልሷል። የአንድ ቤት ጭንቅ የነበረው ነገር ለመንደር ሲከፋፈል፣ ለእያንዳንዱ የደረሰው አንድ ብልቃጥ ጭማቂ ብቻ ሆነ።

ዳንቢ ውሃው ላይ ከሚንሳፈፈው ምልክት አጠገብ ጠልቃ ወጣች። ትንፋሿንም ጠላቂዎቹ ከውሃ ሲወጡ እንደሚያደርጉት በረጅም ፉጨት ለቀቀችው። እማማ ሱንዶክ ከዳር ሆነው፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ በፉጨት መለሱላት።